የቆመው ድርሰት የት ላይ ቆመ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከጎጃም የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፦ የተጀመረ ጽሑፍ አላልቅ ማለቱን። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል፤ የላኪዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ አጫጭር ልብ ወለዶች ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ሁሉም ሦስተኛው ገጽ ላይ ይቆማሉ። አሁን የያዝኩት ከፍኖተ ሰላም ገጠር ተነሥታ ወደ ባሕር ዳር ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስለምትሄድ ልጅ ነው። ዝግጅቷን፣ የእናቷን እንባ፣ የመናኸሪያውን ግርግር ጻፍኩ፤ ከዚያ ብዕሬ ደረቀ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ብዕርዎ አልደረቀም። ሦስተኛው ገጽ ላይ መወሰን የነበረበት ነገር ሳይወሰን ቀርቷል። የመጀመሪያው ገጽ በሥዕል ይሄዳል፤ ጓዙ አለ፣ እንባው አለ፣ የረዳቱ ጩኸት አለ። ሁለተኛውም ገጽ ልጅቱን ለማስተዋወቅ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ሌላው ካልከለከለው የሚጻፍ አይኖርም። የጻፉት ስንብት ነው፤ ስንብት ያስለቅሳል እንጂ ከልካይ የለውም። ሁሉም ልጅቱ እንድትሄድ ይፈልጋል፣ እሷም ትሄዳለች፣ አለቀ። ዘጠኙም ድርሰቶች አንድ ቦታ ላይ መቆማቸው በዘጠኙም የጎደለው ይኸው መሆኑን ያስጠረጥራል።

ወረቀት አውጥተው ለሦስት ጥያቄዎች አንዳንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ይጻፉ። በልብ መመለስ አይበቃም፤ በልብ ሲሆን ሁሉም ነገር የተወሰነ ይመስላል። አንደኛው፦ ልጅቱ ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ ምን ማግኘት ትፈልጋለች? «ጥሩ ሕይወት» የሚለው መልስ አያስኬድም፤ በእጅ የሚያዝ ወይም ሰው በአፉ የሚሰጣት ነገር ይሁን። ሁለተኛው፦ ማን ይከለክላታል፣ ከልካዩስ እውነት አለው ወይ? እውነት የሌለው ከልካይ በሁለት አንቀጽ ይረታል፣ ድርሰቱም አብሮት ያልቃል። ሦስተኛው፦ የፈለገችውን ብታገኝ ምን ታጣለች?

በያዙት ታሪክ ላይ እንሞክረው። አባት ለልጁ መቋቋሚያ ብሎ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጧል እንበል። ነጠላ በሬ አያርስም። እርሻ ሲደርስ መቀናጆ የሚሆነው፣ ነጠላ በሬ ያለው ሰው ማግኘት አለበት። በቅርብ ያለው ነጠላ በሬ ደግሞ በድንበር የተቀያየመው የጎረቤቱ ነው። ልጅቱ ይህን የምታውቀው በመሄጃዋ ዋዜማ ከብት ሲገባ ነው፤ ከበረቱ አንድ በሬ ይጎድላል። አሁን የምትፈልገው ነገር አላት፦ ሳይነጋ ጎረቤቱን «እሺ» ማሰኘት። ከልካዩም እውነት አለው፦ ድንበሩን የገፋው በእርግጥ አባቷ ነው። ዋጋውም ከባድ ነው፦ የአባቷን መቸገር ለባላንጣው ስትናገር የቤቷን ገመና ታወጣለች፤ አባቷ ከሰማ ከነመንገዷ ሊያስቀራት ይችላል። የመናኸሪያው ግርግር ከዚህ በኋላ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። የእናትየው እንባም ትርጉሙ ይለወጣል፤ እናት የበሬውን ነገር ታውቅ ነበርና።

ይህ የእኛ ምሳሌ ነው፤ የእርስዎ ሌላ ይሆናል። ነገሩ ያው ነው፦ ሦስቱ መልሶች ሲገኙ ቀጥሎ የሚጻፈው ራሱ ይመጣል።

ቀጥሎ የትዕይንት ወረቀት ያዘጋጁ። ለ2,500 ቃል ድርሰት አምስት ወይም ስድስት ትዕይንት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ከ400 እስከ 500 ቃል ይሆናል። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር፦ ማን፣ ከማን ጋር፣ ምን ፈልጎ ገባ፣ ምን ይዞ ወጣ። ገጸ ባሕርዪቱ የገባችበትን ይዛው የምትወጣበትን ትዕይንት ይሰርዙት፣ ወይም ከአጠገቡ ካለው ትዕይንት ጋር ይቀላቅሉት። የመጨረሻውን ትዕይንት አስቀድመው በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። ሲደርሱበት ምናልባት ይለውጡታል፣ ችግር የለውም፤ መንገድ የሚሄድ ሰው ግን የሚያድርበትን ሰፈር ስም ማወቅ ይገባዋል።

ሌላም የምንጠረጥረው ነገር አለ። መምህር ነዎትና ቀዩ እስክሪብቶ ከእጅዎ አይወርድም። እየጻፉ ማረም ትዕይንቱን በአራተኛው ዓረፍተ ነገር ይገድለዋል፤ አራሚው ሲነሣ ጸሐፊው ይቀመጣል። በመጀመሪያው ረቂቅ ስርዝ ድልዝ አይፍቀዱ። የፈለጉት ቃል ካልመጣ ባዶ ሰረዝ ትተው ይለፉ፤ በኋላ ሲመለሱ ብዙዎቹ ያለምንም ድካም ይሞላሉ። የዕለቱን ሥራ ሲያቆሙም ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱት። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ግሡን ሳይጽፉ ይነሡ። በነጋታው የመጀመሪያው ሥራ ያንን ግሥ መጻፍ ይሆናል፤ እጅዎ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ሩቅ አይደለም።

አሥረኛውን አይጀምሩ። ዘጠኙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይዩአቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ከልካይ ያጣ ታሪክ፣ ሌላው ታሪክ ያጣ ከልካይ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በጎንጅ አካባቢ ቅኔ ቤት ቆይቼ አሁን ባሕር ዳር የቀን ተማሪ ነኝ፤ 21 ዓመቴ ነው። ቅኔ ስቆጥር፣ ማለትም በልቤ ስደርስ፣ አልቸገርም። ረጅም ልብ ወለድ ልጽፍ ከተነሣሁ ግን ዓመት አለፈኝ፤ አምስት ገጽ ላይ ነኝ። የጻፍኩትን ያነበቡልኝ ሁሉ «ከበደን» ይላሉ።

መልስ፦ የተማርከው ትምህርት ለልብ ወለድ ይጠቅማል፤ በስድ ንባብ ላይ ግን ተገልብጦ ነው የገባው። ቅኔ ቤት በመጀመሪያው ቀን መወድስ ያስቆጠረህ የለም። በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ተጀመረ፤ ከዚያ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ተደረሰ። በልብ ወለድ ግን በቀጥታ መወድሱን ያዝክ። ስለዚህ የስድ ንባብ ጉባኤ ቃና ቁጠር፦ አንድ ትዕይንት፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ዕቃ፣ 300 ቃል። አንዱ ዕቃውን ይፈልጋል፣ ሌላው አይሰጥም። እንዲህ ያለ አሥር ጻፍ። ከዚያ ሦስት ትዕይንት ያለው፣ ወደ 1,200 ቃል የሚደርስ ድርሰት ጨርስ። ሦስት እንዲህ ያሉ የተጨረሱ ድርሰቶች ሳይኖሩህ ወደ ረጅሙ አትመለስ። ሲቆጡህ የነበሩት የኔታም ይህንኑ ነበር የሚሉህ።

«ከበደን» ያሉህ ሰዎች የሚሉት ደግሞ ስለ ሰምና ወርቁ ይመስለናል። ቅኔ የሚሰማ ሰው ወርቅ እንዳለ አውቆ ጆሮውን አቅንቶ ይቀመጣል፤ ሰሙ ቢሳሳም ይታገሣል። የልብ ወለድ አንባቢ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ሰሙ ብቻውን በሁለት እግሩ ካልቆመለት መጽሐፉን ያጥፈዋል። አንድ ምሳሌ እንስጥ። «ሕይወቱ ማደሪያ እንደሌለው ዓባይ ግንድ ይዞ የሚዞር ነበር» ብትል ምሳሌያዊ አነጋገሩን አንባቢው ቀድሞህ ያውቀዋል፣ የሚያየውም ነገር የለም። በዚህ ፈንታ የአባቱ ቤት ሲፈርስ ምሶሶውን ነቅሎ፣ በተከራየበት ቤት ሁሉ ይዞት የሚዞር ሰው ጻፍ። ምሶሶው በበር አይገባም፤ አከራይቱ «ይህን ግንድ አውጣልኝ» ትላለች፤ ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ይሸፍነዋል። ዓባይን አታንሣ፣ ተረቱንም አትጥቀስ። ወርቁን አንባቢው ራሱ ያወጣዋል፤ ራሱ ያወጣው ወርቅ ደግሞ የእሱ ስለሆነ አይረሳውም።

የቆጠራው ልማድም አለ። ለቅኔ ለብቻህ ዞር ብለህ፣ እየሄድክ በልብህ ትቆጥራለህ፤ ሁለት ቤት በልብ ይያዛል፣ ስምንትም ቢሆን ለሠለጠነ ልብ ይያዛል። ሦስት ሺህ ቃል አይያዝም። ሙሉውን ታሪክ በልብህ ካልጨረስኩ አልጽፍም ብለህ ከሆነ ዓመቱ ያለፈው በዚህ ነው። በእግር ጉዞ ላይ የሚቀጥለውን አንድ ትዕይንት ብቻ ቁጠር፤ ቤት ስትደርስ ሌላ ሥራ ሳትይዝ ጻፈው።

ከቅኔ ቤት የሚመጡ ጸሐፍት ሊወድቁበት የሚችሉትን ነገር ደግሞ ጮክ ብለህ ስታነበው ትሰማዋለህ፦ ቤት መምታት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ነበር… ነበር… ነበር» ወይም «አለ… አለ» እያለ ሳታስበው ቤት ይመታል። ሦስት ተከታታይ ዓረፍተ ነገር በአንድ ድምፅ ካለቀ መካከለኛውን ስበረው። መስበሪያው ብዙ ነው፤ ሁለቱን በ«ና» ወይም በ«ስ» አያይዝ፣ አንዱን ጥያቄ አድርገው፣ አንዱን በንግግር ተካው፣ ወይም ጭራሹን ቁረጠው። ብዙ ጊዜ የሚሻለው መቁረጡ ነው።

ጥያቄ፦ ቡሬ ነርስ ነኝ። ፈረቃዬ ስለሚቀያየር ቋሚ የመጻፊያ ሰዓት የለኝም። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ቀን እቀመጣለሁ፤ ግማሹን ቀን የት እንደነበርኩ ስፈልግ ያልፋል።

መልስ፦ ሰዓቱን ተይው፣ ቦታውንና ልኩን ያዢ። አንድ ወንበር፣ አንድ ደብተር፣ 20 ደቂቃ፣ 150 ቃል፤ ይህ በመደበኛ ደብተር ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በሳምንት አምስት ቀን 750 ቃል ነው፤ በአራት ሳምንት 3,000፣ ማለትም የአንድ አጭር ልብ ወለድ ሙሉ ረቂቅ። ከአዳር ፈረቃ በወጣሽበት ቀን አዲስ ነገር አትጻፊ፤ ያለፈውን ገጽ በንጹሕ ገልብጪ፣ ወይም የትዕይንት ወረቀቱን አስተካክዪ። በአንቺ ደብዳቤ ላይ ያየነው ዋና ችግር በሁለት ቁጭታ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከስድስት ቀን በኋላ የሚመለስ ሰው ታሪኩን እንደ እንግዳ ነው የሚያገኘው። አንድ ቀን ካመለጠሽ በነጋታው 300 ለመጻፍ አትሞክሪ፤ ዕዳው ከተጠራቀመ ደብተሩን መፍራት ይመጣል። ያው 150 ይበቃል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ደጀን። ሐሳብ ሞልቶኛል፤ ስልኬ ላይ 40 የሚሆን ጽፌአለሁ። የቱን እንደምጀምር ጠፋኝ።

መልስ፦ «ስደት»፣ «የእናት ፍቅር»፣ «በበረሃው ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ መኪና» የሚሉ ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርእሰ ጉዳይ ናቸው፣ ሦስተኛው አደጋ ነው፤ ገና ታሪክ የለም። እያንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊውና ውስጡ «ግን» እና «ስለዚህ» ይገቡ እንደሆነ እዪ። «አንድ ረዳት ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ፍሬኑ እንደላላ ያውቃል፤ ግን ሾፌሩ አጎቱ ነው፣ በተሳፋሪ ፊት ሊያሳፍረው አይደፍርም፤ ስለዚህ…» እዚህ ላይ እጅሽ መጻፍ ካማረው ታሪክ አግኝተሻል። ከ40ዎቹ ይህን የሚያልፉት ምናልባት አራት ቢሆኑ ነው። ከአራቱ ቦታውንና ሥራውን በደንብ የምታውቂውን ምረጪ። ሌሎቹን አትሰርዢ፤ ግን አሁን የያዝሽው እስኪያልቅ ዝርዝሩን አትክፈቺው። አዲስ ሐሳብ ሁልጊዜ ከተጀመረው ይልቅ የሚያምረው ገና ስላልተጻፈ ነው።

ጥያቄ፦ ዳንግላ። ትረካው ይሄድልኛል፤ ምልልስ ላይ ስደርስ ግን ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ ይናገራሉ። አፍሬ አቆማለሁ።

መልስ፦ ከመጻፍዎ በፊት ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ዘርዝረው ይያዙ፦ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ፣ አያ፣ እትዬ፣ ጋሼ። ከተሜው «እርስዎ» ሲል የገጠሩ ሰው «አንቱ» ይላል፤ ሁለቱ በአንድ አፍ ከተቀላቀሉ ሰውየው ከየት እንደመጣ ይጠፋል። ዝርዝሩ ሌላም ጥቅም አለው። «አንቱ» ሲባባሉ የኖሩ ሁለት ሽማግሎች አንዱ በድንገት «አንተ» ካለ ጠቡ ተጀመረ ማለት ነው፤ «በቁጣ ተናገረ» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም።

ዜና የሚያስመስለው ሌላው ነገር ሰዎቹ የመጡበትን ጉዳይ በቀጥታ መናገራቸው ነው። የአገራችን ሰው ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ሳይጠያየቅ ወደ ነገሩ አይገባም። ሰላምታውን ሁሉ መጻፍ ግን ገጽ ይበላል። መላው ነገሩን በሰላምታው ውስጥ መደበቅ ነው። ለደብረ ማርቆሱ መምህር የሰጠናትን ልጅ ጎረቤቱ ደጅ ላይ እናቁማት፦

«እንደምን ዋሉ፣ አያ?»

«ይመስገነው። አባትሽ ደኅና?»

«ይመስገነው፤ እሳቸውም፣ ከብቶቹም ደኅና ናቸው።»

«ከብቶቹ?»

«በሬው።»

«ከብቶቹ» ወደ «በሬው» ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉንም ነገር ሰምቷል፤ ልጅቱም ገመናውን አውጥታለች፤ «ቸግሮናል» የሚል ቃል ግን አልተነገረም። የእርስዎን ምልልስ ሲያርሙ እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን በግልጽ የተናገረበትን መስመር ያስምሩበት፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያስቀሩ፣ እሱንም ታሪኩ ጫፍ ሲደርስ። የአካባቢ አነጋገር በልክ ይሁን። በየቃሉ አጻጻፉን ማጣመም አንባቢውን ያደክማል፣ ተናጋሪውንም መሳቂያ ያደርጋል። በአንድ ሰው አፍ ሁለት ሦስት የራሱ ቃል ከተደጋገመ ድምፁ ይሰማል።

ጥያቄ፦ የአጎቴን ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ቤተሰቤ ቢያነበው ምን ይለኛል እያልኩ ግማሹ ላይ ቆሜአለሁ። ሞጣ።

መልስ፦ መጀመሪያ ረቂቁን ለማንም ሳታሳይ ጨርሰው፤ ያልተጻፈ ነገር ማንንም አያስቀይምም፣ ላልተጻፈም ነገር መጨነቅ አያስፈልግም። ከዚያ ለውጥ። ስም መለወጥ አያድንም፤ በአነስተኛ ከተማ ሰው የሚታወቀው በሥራው፣ በቤቱ አቀማመጥና በአነጋገር ልማዱ ነው። ሦስቱንም ቀይር፤ ሁለት ሰዎችንም በአንድ ገጸ ባሕርይ አዋሕድ። ነጋዴውን አጎት ወፍጮ ቤት ካስገባኸው ስለ ወፍጮ መጻፍ ግድ ይሆንብሃል፤ ያኔ ሰውየው አጎትህ መሆኑ ይቀርና የራሱን ነገር መሥራት ይጀምራል። በሕይወት ያለ ሰው ወንጀል ወይም የበሽታ ምስጢር ከሆነ ግን ይህም አይበቃም፤ ያንን ክፍል ተወው።

ጥያቄ፦ ቢቸና። እኔስ እጨርሳለሁ፤ ችግሬ አለማቆሙ ነው። አንዱን ድርሰት ስድስት ጊዜ ጻፍኩት፤ እየተሻለ ይሁን እየባሰ አላውቅም።

መልስ፦ ለ14 ቀን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉት። ሲያወጡት ሦስት ጊዜ ያነቡታል፣ በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ እየፈለጉ። በመጀመሪያው ንባብ ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዩና ያለሱ ታሪኩ የማይጎድልበትን ትዕይንት ያወጣሉ። በዚህ ዙር ቃል አይነኩም፤ ነገ ለሚቆረጥ አንቀጽ ቃል ማሳመር ከንቱ ድካም ነው፣ ስድስት ጊዜ ያስጻፈዎትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በሁለተኛው ሰዎቹ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ይከታተላሉ፤ ገጽ አራት ላይ የሰማ ሰው ገጽ ሰባት ላይ እንደ አዲስ ደንግጦ ይገኛል። ሦስተኛው በድምፅ ነው። ሲያነቡ የተሰናከሉበትን ሁሉ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ይለፉ፤ መሐል ላይ ቆመው አያርሙ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ግማሽ ገጽና የመጨረሻውን አንቀጽ በእጅዎ ሸፍነው ያንብቡት። ምንም ካልጎደለ ሁለቱም ይውጡ። በመግቢያው ጸሐፊው ገና እያሟሟቀ ነው፤ በመዝጊያው ደግሞ አንባቢው የተረዳውን መልሶ ያስረዳል። የመክፈቻው የአየር ጠባይ ገለጻና የመዝጊያው ምክር ሲነሡ ጥቂት የማይባሉ ድርሰቶች ይድናሉ።

ለሁለት ሰው ይስጡት፣ ለአምስት አይስጡ። «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ የአገራችን ሰው ፊት ለፊት «ጎሽ!» ይላል እንጂ አይነቅፍም። «የት ላይ አስቀምጠኸው ተነሣህ? የቱን ሰው አላመንከውም?» ይበሉ። ሁለቱም አንድ ቦታ ካነሡ ያ ቦታ ታሟል፤ የተለያየ ቦታ ካነሡ ግን በራስዎ ፍርድ ይሂዱ።

የማቆሚያው ምልክት ደግሞ ይህ ነው፦ ባለፈው የለወጡትን ቃል ወደ ነበረበት ሲመልሱ ራስዎን ካገኙት ድርሰቱ አልቋል። ቀኑን ጽፈው ይላኩት፤ በዚያው ቀን ማታም የሚቀጥለውን ድርሰት የትዕይንት ወረቀት ይክፈቱ።